ባለ ጥለት ዓይኗን ፍለጋ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት የተበላሸች ፎቶግራፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአንኮበር ስመለስ መንገድ ዳር በበቀለ እንስላል ላይ አንዲት ዝንብ አይቼ በስልኬ አነሣኋት። ከሩቅ ሲያዩዋት ንብ ናት። ቀረብ ሲሉ ግን ዓይኗ ከላይ ወደ ታች በወረዱ ጥቋቁርና ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ተሸልሟል፤ ልክ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት። እጄ ተንቀጠቀጠና ጀርባዋ ብቻ ደህና ወጣ። ፎቶግራፉን ተፈጥሮ ወዳዶች ያዩትን ወደሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት ወደተባለ ድረ ገጽ አስገባሁት። ከወራት በኋላ ከባሕር ማዶ አንድ ባለሙያ ባጭሩ መለሰልኝ፤ ፊቷንና የኋላ እግሯን ሳያይ ከዚህ በላይ መናገር እንደማይችል።

ይህች መልስ አንድ ዓመት አላስተኛችኝም ብል ማጋነን ነው፤ ግን አልረሳኋትም። እነዚህን በአየር ላይ እንደ ተሰቀሉ የሚቆሙ ዝንቦች በዚህ ማስታወሻ አንዣባቢ ዝንብ እላቸዋለሁ። አበባ ላይ አይተን ንብ እያልን የምናልፋቸው እነርሱው ናቸው። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ6,000 በላይ ሲሆኑ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ወደ 600 ያህል ይታወቃሉ።

ሰኞ፣ መስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

የመስቀል ደመራ አመድ ገና ከየአደባባዩ ሳይጠረግ ወጣን። መኪናውም ነጂውም የጓደኛዬ ናቸው። እርሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ለነፍሳት ያለው ፍቅር መስኮት ከመዝጋት አያልፍም። “ዝንብ ለማየት ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው ካንተ በቀር አላውቅም፤ ዝንብ ከፈለግህ ምሳ ቤት እንግባ” አለኝ ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ። ከሸኖ እስከ ጫጫ የመንገዱ ግራና ቀኝ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። እኔም ወሩን የመረጥኩት አደይ ካለ አንዣባቢ ዝንብ ስለማይጠፋ ነው።

130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ደብረ ብርሃን ስንገባ ፀሐይ ሞቅ ብላ ነበር። ካረፍንበት ሆቴል አጥር ሥር እንስላል አብቧል። እንስላል ትንንሽ አበቦቹ ክፍት ስለሆኑ ምላሷ አጭር ለሆነ ዝንብ የተዘረጋ ገበታ ነው። ተንበርክኬ ስልኬን ሳስጠጋ የሆቴሉ እመቤት “ኧረ ይነድፍዎታል!” ብለው ጮኹ።

አይነድፍም። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። ከሁለቱ ክንፎቿ ኋላ በበረራ ሚዛን የምትጠብቅባቸው እንደ ክብሪት ራስ ያሉ ሁለት ጉብታዎች አሉ። አንቴናዋ አጭር፣ ዓይኗ ፊቷን የሞላ ነው። የዚህ ቤተሰብ ማረጋገጫ ደግሞ ክንፏ ላይ ነው፤ በክንፉ መካከል ከየትም ጅማት ሳይነሣ፣ የትም ሳይደርስ የሚቀር አንድ የውሸት ጅማት አለ። የንብና የተርብ ቀለም የለበሰችው ወፍ እንዲፈራት እንጂ መርዝ ኖሯት አይደለም። የዘበኛ ካፖርት ደርቦ ዱላ እንደሌለው ሰው ናት።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ሰምተው “እሺ፣ ግን ልጆቼ እንዳይሰሙ፤ ንቡን ሁሉ በእጅ መያዝ ይጀምራሉ” አሉ። ይህ ያላሰብኩት ጉዳይ ነበር።

ያገኘኋት ቀጠን ያለች፣ ሆዷ ላይ ቢጫ መቀነት የታጠቀች ትንሽ ዝንብ ናት። ዓይኖቿ አናቷ ላይ አይገናኙም፤ ሴት ናት ማለት ነው። በብዙዎቹ ዝርያዎች የወንዶቹ ዓይኖች ግንባር ላይ ይጋጠማሉ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ክንፏ ተዘርግቶ እያልኩ አነሣሁ። ጓደኛዬ ቆጠረው፤ 37 ፎቶግራፍ፣ የሚረባው 6። ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተሬ “4፡10” ብዬ ጻፍኩ። ይህቺን ሰዓት ያዙልኝ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20። አንኮበር

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጭጋጉ መንገዱን አስረዘመው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንቆም ከሥራችን ወደ አፋር የሚወርደው አገር በደመና ተሸፍኗል። በዚህ አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች፤ ሳይንስ ለይቶ ስም የሰጣት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስሟም አንኮበርን ይዟል። ነገሥታት የከተሙበትና የውጭ መልእክተኞች የተመላለሱበት ቦታ ወፏን እስከዚያ ዘመን ደብቆ ከኖረ፣ ዝንቦቹን ማን ቆጥሯቸው ብዬ ተጽናናሁ።

ካምና ያየኋትን እንስላል አገኘሁት። አብቧል። ዝንቧ የለችም። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ተኛ።

ከእንስላሉ በላይ ካለው ግቢ አንድ ሽማግሌ ወጡና የጠፋብኝን ጠየቁኝ። ንብ አናቢ ናቸው፤ ከግድግዳቸው ሥር አምስት ያህል የጭቃና የጭድ ቀፎ ተደርድሯል። በስልኬ ያለውን የቀድሞ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው።

“ድንጉላ ነው” አሉ ሳይጠራጠሩ። “ዓይኑ ትልቅ፣ ሰውነቱ ደንዳና፣ አይናደፍ። መስከረም ላይ ከቀፎው ሳይገባ አበባ አበባውን ይዞራል።”

ደነገጥኩ። የዚህች ዝንብ የቅርብ ዘመድ የሆነችውን እንግሊዞች የሚጠሯት “የድንጉላ ዝንብ” ብለው ነው፤ የንብ ወንዱን ስለምትመስል። ሽማግሌው አንድም መጽሐፍ ሳይገልጡ እዚያው ደርሰዋል። በኋላ አንዷ ዘመዷ አደይ ላይ ስታርፍ ባርኔጣቸውን ደፉባት፤ በሁለት ጣታቸውም ይዘው ክንፏን ቆጠሩ። “ሁለት!” ዝም አሉ። ሌላውን ጎኗን ገልብጠው እንደገና ቆጠሩ። “ዕድሜዬን ሙሉ ድንጉላ እያልኩ!”

“ታዲያ ከየት ነው የምትመጣው?” ሲሉኝ በረታቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከበረቱ ኋላ ሽንትና እበት ከዝናብ ጋር የተጠራቀመበት ጥቁር ውኃ ነበር። በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ወጡ፤ ግራጫ ድንቡሽ ያሉ ትሎች፣ እያንዳንዱ ከራሱ ቁመት የሚረዝም ቀጭን ጭራ ያለው። ጭራው መተንፈሻ ነው። አየር በሌለው ቆሻሻ ውስጥ ተቀብሮ እየበላ፣ ጭራውን እንደ ቧንቧ እየመዘዘ ወደ ውኃው ፊት ያወጣል፤ ውኃው ሲጎድል ያሳጥረዋል፣ ሲሞላ ያስረዝመዋል። ፈረንጆች የአይጥ ጭራ ትል ይሉታል።

“ይህማ የበረት ትል ነው” አሉ ሽማግሌው። “አዎ፤ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ያቺ ነው” አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ሳቁ። “እንግዲያው የሶምሶን ንብ ይህች ናት በለኛ! ከሞተው አንበሳ ውስጥ የወጣችው!”

ይህን ለማለት አንድ የሩሲያ ዲፕሎማት ብዙ ገጽ ፈጅቶበታል። ኦስተን ሳከን ይባላል፤ ከሥራው ጎን ለጎን የዝንብ ሊቅ ነበር። በ1894 እ.ኤ.አ. ጥንታውያን ሕዝቦች ከበሬ ሬሳ ንብ ይፈልቃል ብለው ያምኑ የነበረው ይህችን ዝንብ ንብ መስላቸው ነው ሲል ተከራከረ። ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ጣታቸውን አነሡ፦

“ሶምሶን ግን ማር በልቷል። ማሩንስ ማን ሠራው?”

መልስ አልነበረኝም። ዝንቧ የአበባ ወለላ ትጠጣለች፣ የአበባ ብናኝ ትበላለች፣ ማር ግን አትሠራም። ኦስተን ሳከን ከእኚህ ሰው ጋር ጠላ ቀርቦላቸው ቢከራከሩ ደስ ባለኝ።

ስንወጣ ከበረቱ ውኃ ዳር በድንጋይ ላይ አየኋት። ዓይኗ ባለ ጥለት። ስልኬን አወጣሁ፣ ወደ ፊት ጎነበስኩ፣ በዚያች ቅጽበት ጓደኛዬ ከእንቅልፉ ነቅቶ “አልቋል?” እያለ መጣ። ጥላው ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ዝንቧ የለችም። ማታ ራቱን እርሱ ከፈለ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21። አንኮበር

ግሸን ማርያም ናት። አገሩ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ሰማዩም እንደ ሰዉ ነጭ ለበሰ። ፀሐይ ከሌለች አንዣባቢ ዝንብ አትነሣም፣ ከቅጠል ሥር ትቀመጣለች። ስለዚህ ያደገችውን ትቼ እጩን፣ ገና ክንፍ ያላወጣውን ትል፣ ለመፈለግ ወሰንኩ።

ሁሉም ዝርያ በበረት ውኃ አያድግም። የትናንት ወዲያዋ የቀጭኗ ዓይነት ዘመዶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ክሽክሽ በሚባሉት የተክል ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ ነው። አንዲት እናት ከደጃቸው ያለውን የባቄላ ማሳ እንድገባበት ፈቀዱልኝ፤ በዓል ስለሆነ እንዳልነቅል፣ ቅጠል እንዳልቆርጥ አስጠንቅቀው። አላደረግኩም። የባቄላው ጫፍ በጥቋቁር ክሽክሽ ተጨናንቋል። በመሐላቸው አንድ አረንጓዴ፣ እግር የሌለው፣ አልቅት የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ራሱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ አንዷን ክሽክሽ ነካ፣ ወጋት፣ ወደ ላይ አነሣትና ጭማቂዋን መጠጠ። ባዶ ቆዳዋን ጣለው። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ። እንዲህ ያለ አንድ እጭ እስኪያድግ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይጨርሳል።

“እኔ ይህን ትል የባቄላው በሽታ መስሎኝ ስጨፈልቀው ነው የኖርኩት” አሉ እናቲቱ። እሸት ቆርጠው ሊሰጡኝ ፈልገው በዓሉን አስታወሱና ትናንት ከተቆረጠው አመጡልኝ። ከዚህ ጉዞ ለሰው የጠቀመ ነገር ቢኖር ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ስም ከማወቅ ጋርም ምንም አያገናኘው።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ሐሙስ፣ መስከረም 22። ጓሳ

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ታጠፍን። መንገዱ አጥንት ይፈትሻል።

የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሣር ምድር ነው። ገበሬው ለዘመናት ቄሮ በሚባል በራሱ የጥበቃ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆ አቆይቶታል፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይቆረጣል። ጭላዳ በመቶ እየሆነ ሣር ይነቅላል። ቀይ ቀበሮ አላየንም። ነፋሱ ግን አየን፣ ፊታችንንም አየው። ከጅብራው ከፍታ ላይ አንዲትም የምታንዣብብ ነገር አልነበረችም። በእንዲህ ያለ ቦታ ዝንቦቹ ከመሬት አይርቁም፤ በሆዴ ተኝቼ ቶሰኝ ላይ ሁለት አገኘሁ፣ ጥቋቁር፣ አነስ ያሉ። ምን እንደሆኑ ከፎቶግራፍ አይለይም፤ ናሙና ቢያዝ ኖሮ በአጉሊ መነጽር ይታይ ነበር። ናሙና መሰብሰብና ወደ ውጭ መላክ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ደግ ነው የሚጠይቀውም። “አንዣባቢ ዝንብ፣ ጥቁር” ብዬ መዘገብኩ።

ጭላዳን በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው፤ ስሙን ከያዙት ውስጥ አንድ ጥንብ አንሣ አለ፣ አንዲት ቀጭን ባለ ቢጫ መቀነት አንዣባቢ ዝንብም አለች። ሰው ስሙ እንዲቀርለት ሐውልት ያሠራል፤ ለሩፔል ዝንብ በቃችው።

ማታ በሻማ ብርሃን ጓደኛዬ ደብተሬን ከስልኬ ጋር ማመሳከር ያዘ። ሥራው ነውና አልከለከልኩትም። “ይህች ዝንብ ሌሊት ትበራለች እንዴ?” አለኝ። “አትበርም።” “ሰኞ በ4፡10 እንስላል ላይ ነበረች ብለሃል። ቅጹ ላይም 4፡10 ብለህ ሞልተሃል። ለፈረንጁ 4፡10 ንጋት ሳይቀድ ነው።”

በእኛ አቆጣጠር ጽፌ ስድስት ሰዓት ሳልጨምር አስገብቻለሁ። ይህ ሲገርመኝ እርሱ ቀጠለ። “ቀኑም ስሕተት ነው። መስከረም 19ን ሴፕቴምበር 29 አድርገሃል፤ 30 ነው።”

“መስከረም ላይ አሥር ይደመራል” አልኩ፣ ከትምህርት ቤት እንዳጠናሁት።

“ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አሥራ አንድ ይደመራል። ዘመነ ሉቃስ አይደል የወጣው?”

በዚያች ሻማ ፊት የአራት ቀን መዝገቤን ሁሉ አረምኩ። ለአንድ መዝገብ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታና ያረፈችበት አበባ ከዝንቧ ስም እኩል ይፈለጋሉ፤ ስም ቢሳሳት ፎቶግራፉን ያየ ሌላ ሰው ያርመዋል፣ የተሳሳተ ቀን ግን ያለ እኔ ማንም አያርመውም። ስለ ጥላው ይቅር አልኩት።

ዓርብ፣ መስከረም 23። ደብረ ብርሃን መግቢያ

ጠዋት ብርድ አስነሣን። የጾም ቁርስ በልተን ወረድን። ደብረ ብርሃን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማ ተነፈሰ፤ መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ስለ መለዋወጫው ማን ማየት እንደነበረበት የተከራከርነውን እዚህ አልጽፍም።

ጎሚስታ ቤቱ ከአንድ ላቫጆ ጎን ነው። የላቫጆው ፍሳሽ ከኋላ ካለ የከብት ማደሪያ ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ቦይ ሠርቷል። ይሸታል። ከቦዩ ዳር እንስላል፣ አደይ፣ የተጣለ ጎማ። ፀሐይ ወጥታለች። በእኛ አቆጣጠር 5፡20።

አንድ ሳትሆን ሰባት ነበሩ።

ጎማ ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ፣ እንስላሉ ላይ ይበላሉ፣ አንዱ ወንድ ከቦዩ በላይ በአየር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። አንኮበር ድረስ ሄጄ፣ ጓሳ ላይ በሆዴ ተኝቼ የፈለግኳት ዝንብ ቆሻሻ ውኃ ባለበት ሁሉ የምትኖር መሆኗን ማክሰኞ ዕለት በገዛ አፌ ለሽማግሌው ሳስተምር ነበር። ጓደኛዬ ይህን ሊያስታውሰኝ አፉን ከፈተና ተወው። ይልቅ ፀሐዩን ወደ ፊቱ አድርጎ ጥላውን ከኋላው አሳረፈ፣ እንደ ምሰሶም ቆመ።

ፊቷን አገኘሁ። ዓይኗን፣ አምስት ያህል ጥቁር መስመር የወረደበትን፣ ከዳር እስከ ዳር አገኘሁ። የኋላ እግሯን፣ ክንፏንም በጎን። ክንፏ ላይ አንዱ ጅማት ወደ ታች ጎብጦ እንደ ቀለበት ይታጠፋል፤ ይህ ትሎቻቸው ባለ ረጅም ጭራ የሆኑት ወገኖች ምልክት ነው።

የጎሚስታው ረዳት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጎማውን ትቶ መጣ። “ጋሼ፣ ምንድን ነው?” ዓይኗን በስልኩ አጉልቼ አሳየሁት። “ጥለት!” አለ። “እነዚህ እኮ ሁልጊዜ እዚህ ናቸው። እኔ የምጠላው ምሳዬ ላይ እንዳያርፉ ነው።” ምሳው ላይ የሚያርፉት ሌሎች መሆናቸውን ነግሬው ክንፍ መቁጠር አስተማርኩት። የስሟን ጥያቄም አነሣ። ቪደማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1818 እ.ኤ.አ. ለአንዲት እንዲህ ዓይነት ዝንብ ታኒዮፕስ የሚል ስም ሰጥቷል፤ ትርጉሙ ከሞላ ጎደል “ጥለት ዓይን” ነው። ግን አፍሪካ ውስጥ ዓይናቸው ባለ መስመር የሆኑ ከአንድ በላይ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱም የአንዷ ስም በላቲን “ጠይም ቀንድ” እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አንቴናዋን ሳያዩ መማል አያስፈልግም።

መዝገቡን ያስገባሁት እዚያው ጎማው ሲነፋ ነው። ቀን፦ ኦክቶበር 4፣ 2019፤ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አረጋገጠው። ሰዓት፦ 11፡20። ቦታ፦ ደብረ ብርሃን መግቢያ፣ የፍሳሽ ቦይ ዳር። አበባ፦ እንስላል። ወገን፦ ኤሪስታሊነስ። ዝርያ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ታኒዮፕስ ብዬ ልጽፍ ጣቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመለሰች።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ያው ባለሙያ ነው። ወገኗ ትክክል ነው፣ የፊቷ ፎቶግራፍ ጥሩ ነው፣ አሁን ደግሞ የሆዷን ጀርባ ክንፏ ተከፍቶ ማየት ይፈልጋል። ይህንኑ ለጎሚስታው ረዳት ደውዬ ነገርኩት፤ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ነበር። በማግሥቱ ከላቫጆው ዳር ሦስት ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሁለቱ ንብ ናቸው።